የሚስቱን ስም የወሰደው ጄኔራል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ያስለመደችኝ ባለቤቴ ናት። የምጽፍልዎት ከለገጣፎ ነው። መሐንዲስ ነኝ፣ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ካገባሁ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። አማቴ ከባድ መኪናዎች አሏቸው፣ የዱቄት ፋብሪካም አላቸው። ባለቤቴ አንድ ልጃቸው ናት። በመልሳችን ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አሁን የምንኖርበትን ቤት ቁልፍ ሰጡን። ጓደኞቼ ታዲያ ባገኙኝ ቁጥር «እሷ ናት ያገባችህ» ይሉኛል። አብሬያቸው እስቃለሁ፣ ውስጤ ግን ያውቀዋል።

አሁን ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ አማቴ «ወንድ ከሆነ በእኔ ስም ይጠራ፣ ስሜ ከእኔ ጋር እንዳይቀበር» አሉ። ከልጁ ስም ቀጥሎ የእኔ ስም ቀርቶ የእሳቸው ይግባ ማለታቸው ነው። ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ስለ አንድ የሩሲያ መስፍን ሰማሁ። የባለጠጋ ልጅ አግብቶ የሚስቱን ስም ወሰደ ይላል። ተራኪው ወሬውን በሙዚቃ አንቆ አልጨረሰውም። ሰውየው ማን ነው? ኑሮውስ እንዴት ነበር? ተከብሮ ነው የኖረው ወይስ እንደ እኔ እየተሾፈበት?

አማቹ፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ ልጄ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ባለቤትህ በሰላም ትገላገል።

ሰውየው ፌሊክስ ሱማሮኮቭ-ኤልስተን ይባላል። ሲሞት ሙሉ መጠሪያው «ልዑል ዩሱፖቭ፣ ኮንት ሱማሮኮቭ-ኤልስተን» ነበር። ከተደረደሩት ሦስት ስሞች ሁለቱ የመጡት በሴት በኩል ነው። አንዱ ከእናቱ ቤት፣ አንዱ ከሚስቱ ቤት። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ። ሩሲያዎች ያኔ ከሌላው ፈረንጅ ወደኋላ የሚቀር የራሳቸው አቆጣጠር ነበራቸውና ቀን ቀኑን ብዙ አልነካካም። የቀን አቆጣጠር ጣጣ የእኛው ይበቃናል።

ነገሩ የሚጀምረው ከአባቱ ነው። አባቱም ስሙ ፌሊክስ ነው፣ በ1820 የተወለደ። ኤልስተን የሚባል ስም ይዞ አደገ፤ ማን እንደወለደው ግን ብዙ ይወራ ነበር፣ የፕሩሺያ ንጉሥ ልጅ ነው የሚልም አልጠፋም። ይህ ኤልስተን አድጎ የአንድ ኮንት ልጅ አገባ፣ ኤለና ሱማሮኮቫን። ያ ቤት ስሙን የሚያስቀጥል ወንድ አልነበረውም። ስለዚህ በ1856 ዛሩ ፈቀደለትና የአማቱን ስምና ማዕረግ ወሰደ። ያንተ ሰውዬ የተወለደው በዚያው ዓመት ነው። ለአቅመ አዳም ሲደርስ የሚስት ስም መውሰድ ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም፣ አባቱ ቤት ያደገበት ነው።

ሚስቱ ዚናይዳ ዩሱፖቫ ናት። የተወለደችው በ1861 ነው። የቤቱ ዘር የሚቆጠረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረ ዩሱፍ ከሚባል የኖጋይ ታታሮች አለቃ ነው። ልጆቹ ሞስኮ ገብተው ለዛሮቹ አደሩ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ክርስትና ተነሡ። ከዚያ በኋላ ሀብቱ እየተከመረ ሄደ። ሞስኮ አጠገብ አርካንጌልስኮዬ የሚባለውን ርስት በ1810 ገዙ። ፒተርስቡርግ ውስጥ በሞይካ ወንዝ ዳር ያለውን ቤተ መንግሥት በ1830 ገዙ። ክሪሚያ ላይ ከባሕሩ በላይ ኮሬይዝ የሚባል ሌላ ቤት ነበራቸው። ፋብሪካው፣ ማዕድኑ፣ በየአውራጃው የተበተነው መሬት ሲጨመርበት ከሩሲያ ቱባ ባለጠጎች ተርታ ነበሩ።

ለእኛ አገር ሰው ይህን ቤተሰብ የሚያስታውስ ሌላም ነገር አለ። ፑሽኪን፣ የእኛ የምንለው ፑሽኪን፣ ልጅ ሳለ ወላጆቹ ሞስኮ ውስጥ በዩሱፖቭ ግቢ ተከራይተው ኖረዋል። ካደገ በኋላም ለዚናይዳ ቅድመ አያት፣ ለሽማግሌው ልዑል ኒኮላይ ዩሱፖቭ፣ ግጥም ጽፎለታል።

የሞይካውን ቤት እኔ ራሴ ገብቼበታለሁ። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሌኒንግራድ ተልከን ነበር። ቤተ መንግሥቱ ያን ጊዜ የመምህራን የባህል ቤት ሆኗል። እኛም መምህር ለመሆን የምንማር ነንና አንድ ቀን ማታ ኮንሰርት ጋበዙን። ካፖርታችንን ታች አስቀምጠን፣ በነጭ እምነበረድ ደረጃ ወጥተን፣ አዳራሽ ከአዳራሽ ተሻግረን በመጨረሻ አንድ ቴአትር ቤት ገባን። መጋረጃ አለው፣ በወርቅ የተለበጠ ሰገነት አለው፣ የሙዚቀኞች ቦታ አለው። ለከተማ ሕዝብ የተሠራ እንዳይመስልህ። ሰውየው እራት በልቶ ሲያበቃ እንግዶቹን ይዞ የሚገባበት የቤት ቴአትር ነው። ከእኔ ጋር የነበረ የወሎ ልጅ «እንግዲህ እዚህ ቤት አማች ሆኖ መግባት ምን ይመስላል?» ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። ያንተን ጥያቄ ያኔውኑ ጠይቆልሃል።

ዚናይዳ ቆንጆ ናት፣ የተማረች ናት፣ ወንድም የላትም። የጠያቂውን ብዛት አንተው ገምት። ልጇ በኋላ በጻፈው ማስታወሻ እንደሚተርከው፣ ከጠያቂዎቹ አንዱ የቡልጋሪያ ገዥ የሆነው የባተንበርግ ልዑል ነበር። አባቷ ዙፋን ላይ ሊያዩዋት ይመኙ ነበር። እሷ ግን ልዑሉን ትታ አጅቦት የመጣውን ወጣት የክብር ዘብ መኮንን ወደደች። ያ መኮንን ፌሊክስ ነው። በ1882 ተጋቡ። እሱ ሃያ አምስት፣ እሷ ሃያ ዓመቷ ነበር። «እሷ ናት ያገባችው» የሚባል ሰው ካለ እሱ ነው። መረጠችው፣ አባቷም ቅር እያላቸው እሺ አሉ።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ። ፌሊክስ ባለጠጋ አግብቶ ባለጠጋ ሆነ ይባላል፣ ዩቲዩቡም እንዲያ ሳይልህ አልቀረም። በሕግ ግን አልሆነም። በሩሲያ ከ1753 ጀምሮ ያገባች ሴት ንብረቷን ያለባሏ ፈቃድ መሸጥ መለወጥ ትችል ነበር። ጋብቻ የባልንና የሚስትን ሀብት አይቀላቅልም። እንግሊዞች እንኳን ላገባች ሴት እንዲህ ያለ መብት በሰፊው የሰጡት በ1882 በወጣ ሕግ ነው፣ እነ ፌሊክስ በተጋቡበት ዓመት። ስለዚህ አባቷ በ1891 ሲሞቱ ቤተ መንግሥቱም፣ ርስቱም፣ ዕንቁውም የዚናይዳ ሆነ። ፌሊክስ የሚኖረው በሚስቱ ቤት ነው። የሚበላው ከሚስቱ ማዕድ ነው። በስሙ የተጻፈው ትንሽ ነው።

ለእሱ የደረሰው ስሙ ነው። አማቱ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው የዩሱፖቭ ስም ከእሳቸው ጋር ሊያልቅ ነው። ያንተ አማት ያሉትን ቃል በሩሲያኛ አስበው። በ1885 ዛሩ ፈቀደና ፌሊክስ «ልዑል ዩሱፖቭ» ተባለ። በ1891 ደግሞ ማዕረጉ ለልጆቹ ሁሉ እንዳይበተን፣ ለአንዱ፣ ለታላቁ ብቻ እንዲተላለፍ ተወሰነ። እስቲ የዚህን ነገር ክብደት እየው። አንድ እናት አባት የወለዷቸው ሁለት ወንድማማቾች አንድ ማዕድ ይቀርባሉ፤ አንዱ ነገ ልዑል ዩሱፖቭ ይሆናል፣ ሌላው ኮንት ሱማሮኮቭ-ኤልስተን ሆኖ ይቀራል። እኔ እንደሚመስለኝ ለፌሊክስ ከሐሜቱ ይልቅ የከበደው ይህኛው ነው። የራሱ አባት ስም በራሱ ቤት ውስጥ የታናሹ ልጅ ድርሻ ሆነ።

ተሾፈበት ወይ ላልከኝ፣ ሳይሾፍበት አይቀርም፣ ሰው የትም ሰው ነው። ግን ቤት ተቀምጦ የሚስቱን ሳንቲም የሚቆጥር ሰው አልነበረም። ወታደር ነው፣ እስከ መጨረሻው ወታደር። ከ1886 እስከ 1904 የታላቁ መስፍን ሰርጌይ የቅርብ መኮንን ሆኖ አገለገለ። ሰርጌይ የዛር አሌክሳንደር ሣልሳዊ ወንድም ነው። ከዚያ እስከ 1908 የእቴጌይቱን የፈረሰኛ ክብር ዘብ አዘዘ። እስከ ጄኔራልነት ደረሰ። ልጁ ስለ እሱ ሲጽፍ አባቴ ከሁሉ በፊት ወታደር ነበር፣ እናቴ የምትወዳቸው ምሁራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች አይጥሙትም ነበር ይላል። ባልና ሚስት በአንድ ቤት ሁለት ዓይነት ሰው። ይህ ያለ ሀብትም ይደርሳል።

አንድ ሥዕል አለ። ሴሮቭ የሚባል ታላቅ ሠዓሊ ቤተሰቡን በየተራ ሥሏል። ዚናይዳን ከሶፋው ጥግ፣ ነጭ ውሻዋን አጠገቧ አስቀምጦ፣ ከኋላዋ ያለውን የሳሎን ግርግር ሁሉ ሳይቀር ሣላት። በ1903 ተራው የፌሊክስ ሆነ። ፌሊክስ ታዲያ ከዓረብ ፈረሴ ጋር ሣለኝ አለ። ሴሮቭ በደብዳቤው የጻፈው ነገር ያስቀኛል፦ ልዑሉ ትሑት ሰው ናቸው፣ ሥዕሉ ከእሳቸው ይልቅ የፈረሱ እንዲሆን ይፈልጋሉ፣ ይገባኛል ዓይነት ነው። ሁለቱም ሥዕሎች ዛሬ ፒተርስቡርግ በሩሲያ ሙዚየም አሉ። እሷ በዕቃዋ መሐል ተቀምጣለች፣ እሱ ከፈረሱ ጋር ደጅ ነው። ቤቱን ለባለቤቱ ትቶ የወጣ ይመስለኛል። ሠዓሊው እንዲያ አስቦ ይሁን አይሁን እንጃ፣ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር እንደዚያ ይታየኛል።

ስጦታ መስጠትም ያውቅበታል። ልጁ እንደጻፈው ለሚስቱ የልደት በዓል ክሪሚያ ያለውን የአይ-ፔትሪ ተራራ ሰጣት። ተራራ! ገንዘቡ ከማን ኪስ እንደወጣ አትጠይቀኝ።

ከዚህ ወዲያ ያለው ታሪክ ጥሩ አይደለም። አራት ወንዶች ወለዱ፣ ሁለቱ በሕፃንነታቸው ሞቱ። ታላቁ ኒኮላይ፣ ማዕረጉ የሚጠብቀው ልጅ፣ በ1908 በሰው ሚስት ሰበብ ከባሏ ጋር ሽጉጥ ተማዞ በሃያ አምስት ዓመቱ ተገደለ። ዱኤል ይሉታል፣ ቀጠሮ ይዞ መገዳደል ነው። ወላጆቹ አርካንጌልስኮዬ ላይ ግዙፍ የቤተሰብ መካነ መቃብር ማሠራት ጀመሩ። በ1916 አለቀ። አንድም ሰው ሳይቀበርበት አብዮቱ ደረሰ።

ፌሊክስ ራሱ ትልቁን ሹመት ያገኘው በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሐል ነው። ሞስኮ በእጁ ሆነች። ሹመቱ ግን ዓመትም አልቆየ። በዚያው ዓመት ሕዝቡ በጀርመኖች ላይ ተነሥቶ ሱቅ ዘረፈ፣ ቤት አቃጠለ። የውጭ ስም ያለው ሱቅ ሁሉ ጀርመን ነው ተብሎ ተሰባበረ። ሥርዓት ማስከበር አቃተው ተባለና ተነሣ። ጀግና ነበር ብዬ አልዋሽህም። ከተማ ለመግዛት የተፈጠረ ሰው አልነበረም፣ ፈረሰኛ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ወደ ክሪሚያ ሸሹ። በ1919 ማርልቦሮ በተባለ የእንግሊዝ የጦር መርከብ፣ ከዛሩ እናት ጋር፣ አገር ጥለው ወጡ። ሮም ተቀመጡ። እዚያ በ1928 ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ዚናይዳ ከእሱ በኋላ ፓሪስ ልጇ ጋ ሄዳ በ1939 አረፈች። ይኸውልህ፣ ቤተ መንግሥቱ ሁሉ ሲወሰድ፣ ዕንቁው ተሸጦ ሲበላ፣ ሰውየው ሚስቱን ትቶ አልሄደም። ለገንዘብ ነው ያገባት የሚለው ሐሜት እዚህ ላይ ይጨነቃል።

ስሙስ? ያ ሁሉ የዛር ፊርማ የተፈረመበት ስም? የተረፈው ልጅ ፌሊክስ የዛሩን እኅት ልጅ ኢሪናን አግብቶ በ1915 አንዲት ሴት ልጅ ወለደ። ሌላ አልወለደም። ልጅቷን ሮም ውስጥ በሕፃንነቷ ያሳደጓት እነዚሁ አያቶቿ ናቸው። አድጋ ሌላ ኮንት አገባች፣ ሼሬሜቴቭ የሚባል፣ በእሱ ስም ተጠራች። በወንድ በኩል የዩሱፖቭ ስም በ1967 ፓሪስ ውስጥ ከልጅየው ጋር ተቀበረ። አማትዮው የፈሩት ነገር ሁለት ትውልድ ብቻ ዘገየ።

ወደ አንተ ልምጣ።

እኔ የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ለአንተም ጎረቤት ነኝ ማለት ይቻላል። ዕጣው የወጣው በባለቤቴ ስም ነው። እሷም መምህርት ነበረች። ብሎካችን ውስጥ ጥበቃው፣ ባለ ሱቁ፣ ልጆቹ ሁሉ እኔን የሚያውቁኝ «የቲቸር ባል» ብለው ነው። የውኃው ተራ ሲደርስ «የቲቸር ባል፣ መጣ!» ብለው ይጠሩኛል፣ ባልዲዬን ይዤ እወርዳለሁ። አባቴም ጎጃም ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰው የእናቴን የርስት ድርሻ ነው። ርስት በእናትም በአባትም ይወረሳልና ብዙ ሰው የሚስቱን መሬት ያርስ ነበር። አንድም ሰው «እሷ ናት ያገባችህ» ሲለው አልሰማሁም። በሬው የእሱ፣ ጉልበቱ የእሱ፣ መሬቱ የእሷ፣ ጎተራው የጋራ። ይህ ሹፈት ከተማ ውስጥ የመጣ ነገር ነው፣ ጓደኞችህም ቁልፉ ቢሰጣቸው የሚመልሱት አይመስለኝም።

ከሹፈቱ ይልቅ ወረቀቱን ተመልከት። ያ የቤት ቁልፍ ሲሰጣችሁ የስጦታ ውሉ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው? በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 57 ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት፣ በጋብቻ ውስጥም በውርስ ወይም በስጦታ የመጣ ንብረት የግል ነው ይላል። ስለዚህ ለእሷ ብቻ ከተሰጠ ቤቱ የእሷ ነው፣ በዚህ አትከፋ። ለሁለታችሁም በአንድነት ከተሰጠ፣ ውሉ ሌላ ካላለ በስተቀር የጋራ ነው፣ ይህ አንቀጽ 62 ላይ አለ። እዚያው አንቀጽ ላይ ሌላም አለልህ፦ በጋብቻ ውስጥ በግል ጥረትም ሆነ ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ የጋራ ነው። ያንተ ደሞዝ የጋራ ነው። ቤቱ ቢከራይ ኪራዩም የጋራ ነው። እናንተ ከነፌሊክስ ትሻላላችሁ፣ ሕጉ ቢያንስ ጎተራውን አንድ አድርጎታል። ለገጣፎና አካባቢው በክልል ስለሚተዳደር የክልሉን የቤተሰብ ሕግም የሚያውቅ ጠበቃ አማክር፣ ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል።

የስሙን ነገር እኔ ባንተ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ሰው በተሰበሰበበት አልመልስም። አንድ ቀን ብቻቸውን አገኛቸዋለሁ። ከባለቤቴ ጋር አስቀድሜ ተነጋግሬ፣ እሷን ይዤ። «አባባ፣ ስሙን እርስዎ ያውጡለት» እላቸዋለሁ። በእኛ ወግ ለልጅ ስም ማውጣት የአያት ክብር ነው፣ የሚያወጡትም ስም እሳቸው የፈለጉት ይሁን፣ የራሳቸውም ስም ቢሆን። ቀጥሎ የሚጻፈው ግን የአባቱ ነው፣ የአንተ። ልጁ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ፣ ፓስፖርት ሲያወጣ፣ አባትህ ማነው ሲባል የሚመልሰው አንድ መልስ ሊኖረው ይገባል። ይህን ስትላቸው ድምፅህ አይንቀጥቀጥ። ሁለት ሲኖትራክ በአንድ ጊዜ የገዙ ሰው ቁርጥ ያለ ነገር ይወዳሉ።

ሴት ከተወለደችስ ብለህ አስበሃል? አማትህ «ወንድ ከሆነ» ነው ያሉት። እኔ ቅር ያለኝ ይህችኛዋ ቃል ናት። ባለቤትህም ሰምታታለች።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በእኛ ታሪክስ ሚስቱ የበለጠችው ባል አለ?
ከቡራዩ

መልስ፦ ሞልቷል። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ራስ ጉግሣ ወሌ ናቸው። የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ነበሩ፣ የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን አገቡ። በ1909 ዓ.ም ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲሆኑ ባል ሆነው ከጎናቸው እንዲቀመጡ አልተፈቀደላቸውም። ከባለቤታቸው ተለይተው በጌምድርን እንዲገዙ ተላኩ። ሌላው ሰው ሚስቱ ስትከብር አብሮ ይከብራል፣ እሳቸው ሚስታቸው በመክበራቸው ትዳራቸውን አጡ። በመጨረሻ ሸፍተው መጋቢት 1922 ዓ.ም አንቺም ላይ በውጊያ ሞቱ። በዚያ ጦርነት አውሮፕላን ነበረበት፣ ቦምብ ተጥሎባቸዋል። ንግሥቲቱም ከቀናት በኋላ አረፉ። በሐዘን ነው የሚል አለ፣ ታመው ነበር የሚልም አለ።

ጥያቄ፦ የዛሩና የእቴጌይቱ የቅርብ ሰው የነበረውን ባሕታዊ ራስፑቲንን የገደለው ዩሱፖቭ ከዚሁ ቤተሰብ ነው? የእርግማን ታሪክም አላቸው ይባላል፣ እውነት ነው?
ከሰበታ

መልስ፦ ከዚሁ ነው። የተረፈው ታናሹ ልጅ ፌሊክስ ነው። በታኅሣሥ 1916 ከታላቁ መስፍን ዲሚትሪና ፑሪሽኬቪች ከሚባል የምክር ቤት አባል ጋር ሆኖ፣ እኔ ኮንሰርት በሰማሁበት በሞይካው ቤት ምድር ቤት ውስጥ ገደሉት። ቅጣቱ ምን ሆነ ብትል ራኪትኖዬ ወደሚባል የቤተሰቡ ርስት መላክ ነው። ባለጠጋ ሲቀጣ ወደ ራሱ ርስት ነው የሚጋዘው።

እርግማኑን በተመለከተ፣ በየትውልዱ ከሃያ ስድስት ዓመት የሚያልፍ አንድ ልጅ ብቻ ነው ይባላል። ቅድመ አያቶች ሃይማኖታቸውን ስለለወጡ ተረገሙ የሚል ነው ወሬው። በዚያ ዘመን ሕፃናት በየቤቱ ይሞቱ ነበር፣ በቤተ መንግሥትም በጎጆም። ኒኮላይ ደግሞ የሞተው በጥይት ነው፣ ጥይቱንም ቀጠሮ ይዞ ሄዶ ነው ያገኘው። ለዚህ እርግማን አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ያ ሁሉ ሀብት የት ገባ?
ከሱሉልታ፣ የንግድ ሰው

መልስ፦ አብዛኛውን መንግሥት ወረሰው። አርካንጌልስኮዬ ሙዚየም ሆነ፣ ሞይካው እንዳልኩት ለመምህራን ተሰጠ፣ ዛሬ እሱም ሙዚየም ነው። ቤተሰቡ ሲሸሽ እመለሳለሁ ብሎ ሞስኮ ባለው ቤቱ ደረጃ ሥር ጌጣጌጡን ደብቆ በግንብ ዘግቶበት ነበር። በ1925 ሠራተኞች ቤቱን ሲያድሱ አገኙት። በእጃቸው ይዘው የወጡት ጥቂት ዕንቁና ሁለት የሬምብራንት ሥዕሎች ነበሩ፣ ሥዕሎቹን ከፍሬማቸው አውጥተው ጠቅልለው ነው ያወጧቸው። ልጅየውና ኢሪና በ1924 ፓሪስ ውስጥ ኢርፌ የሚባል የልብስ ቤት ከፍተው ነበር፣ ከጥቂት ዓመት በላይ አልዘለቀም። አንተ የንግድ ሰው ነህ፣ ይገባሃል፦ ከሥራው ይልቅ ግብዣው ይበዛ ነበር። ሬምብራንቶቹን በ1921 አንድ አሜሪካዊ ባለጠጋ ገዛቸው። ዛሬ ዋሽንግተን ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ተሰቅለዋል፣ አንዱ ረጅም ባርኔጣ ያደረገ ወንድ፣ አንዷ የሰጎን ላባ ማራገቢያ የያዘች ሴት። እዚያ ዘመድ ካለህ ሄዶ ይያቸው፣ መግቢያው በነፃ ነው።